የጀግና እናት፣ የወንበዴ እናት

የያዙኝ ከክፍል ውስጥ ነው። ጠመኔው በእጄ ነበር። ዳይሬክተሩ በሩን ከፍቶ ገባና እኔን ሳይሆን መስኮቱን እያየ፣ «አንዴ ትፈለጊያለሽ» አለኝ። ከኋላው ሁለት ሰዎች ቆመዋል።

«ቦርሳዬን ልያዝ?» አልኩ።

«አያስፈልግሽም፤ አሁን ትመለሻለሽ» አለ ካኪ የለበሰው።

ተማሪዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሱ። መምህር ሲወጣ መነሳት ልማዳቸው ስለሆነ ነው። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ደብረ ታቦር የገብስ አጨዳ የደረሰበት፣ ጧት ጧት ሣሩ በውርጭ የሚነጣበት ወቅት ነበር። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር፤ ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የምናውቀው ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ እየወረደ መምጣቱን ብቻ ነው። የጦር ካሚዮኖች ከተማውን እያቋረጡ ያልፋሉ፤ ሲሄዱ ሙሉ ናቸው፣ ሲመለሱ ሸራቸው ተከድኖ ነው። አንዳንድ ቀን ከጉና ተራራ ወዲያ የመድፍ ድምፅ ይሰማል። ከብቶች ጆሯቸውን ያቆማሉ፣ ሰው ግን እንዳልሰማ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል።

የተያዝኩበት ምክንያት ተማሪ የጠየቀኝን መመለሴ ነው። የኅብረተሰብ ትምህርት አስተምር ነበር። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህርት፣ ጦርነቱ ለምንድን ነው የተጀመረው?» አለችኝ። አባቷ በበልግ ዘምተው ደብዳቤ አልጻፉም። መጽሐፉ ላይ ያለውን አንድ አረፍተ ነገር ብነግራት ምንም አልሆንም ነበር። እኔ ግን ጦርነት በአንድ ቀን አይጀመርም አልኳት። በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለው በንጉሡ ጊዜ የተጀመረ ነው፤ ንግግር ሲቋረጥ ጠመንጃ ተነሳ። ንጉሡ ሲወርዱ አገሪቱ እንዴት ትመራ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ፤ ሥልጣኑን ወታደሩ ለጊዜው ብሎ ያዘው። የተማረው ተከፋፍሎ በየከተማው ተገዳደለ፤ ከሞት የተረፈው አንዳንዱ ተሰደደ፣ አንዳንዱ ጫካ ገባ። ገበሬው መሬት ሲሰጠው እልል አለ፤ በኋላ እህሉን በኮታ፣ ልጁን በአፈሳ ሲወስዱበት ዝም አለ። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ማታ በሩን ለማን እንደሚከፍት አይታወቅም። ያልኩት ይህን ነው፤ ደወል ተደወለና ወጣን።

ካኪ የለበሰው ሰው ቢሮው ውስጥ ይህንኑ ቃል በቃል ነገረኝ። ከተማሪዎቹ መካከል በደንብ የሚያዳምጥ እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

«‹ለጊዜው ብሎ ያዘው› ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«ጊዜው መቼ ያልቃል ብለሽ ነው?»

«እሱን አላልኩም።»

«ማነው ያስተማረሽ?»

«ማንም። ኖሬበት ነው።»

በጥፊ መታኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሲጋራውን ለኮሰና ፖሊሱን ጠራ።

ያስገቡኝ ከፖሊስ ጣቢያው ጓሮ ማዳበሪያ ይከማችበት የነበረ ክፍል ነው። ማዳበሪያው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ምራቅን ያመርራል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። መስኮት የለውም። በቆርቆሮው ክዳንና በግድግዳው ጫፍ መካከል ጠባብ ክፍተት አለች፤ ብርሃንም ብርድም የሚገባው በእሷ ነው። ወንዶቹ በግድግዳው ማዶ ናቸው። ክፍላቸው ስለጠበበ በተራ ነው የሚተኙት ይባል ነበር። ሲያስሉ፣ ሲጨቃጨቁ፣ አንዳንዴም ሲስቁ እሰማቸዋለሁ። ጧት ጧት አንዱ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፣ ሌሎቹ ዝም ይላሉ። ሴት እስረኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው በመጨናነቅ ይቀናል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ቀናሁባቸው።

ቤተሰቦቼ አዲስ ዘመን ናቸው፤ ከወረታ ወዲያ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የቤት አከራዬ አንድ ጊዜ ስንቅና ጋቢዬን አምጥተው ቀሩ። ፈርተው ነው፤ አልፈረድኩባቸውም። ያልቀረችው የጎረቤቴ ባለሱቅ ሚስት ናት፤ ሙስሊም ናት። ሥጋቸውን እንደማልበላ ስለምታውቅ ሽሮና ምስር ብቻ ትልክልኝ ነበር። እሷም ሳህኑን ለፖሊሱ ሰጥታ ትመለሳለች እንጂ ወደ ውስጥ አትዘልቅም። ሳህኑን የምታስርበትን ጨርቅ ቀስ ብዬ ነበር የምፈታው። በቀኑ ውስጥ ሰው አስቦልኝ የነካው ነገር ያ ቋጠሮ ብቻ ነበር።

ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ለምርመራ የጠራኝ የለም። መጀመሪያ እፎይ አልኩ፤ በኋላ ግን የረሱኝ መሰለኝ። ድምፄ እንዳይጠፋብኝ የተማሪዎቼን ስም በየተራ እጠራ ነበር፤ በሹክሹክታ፣ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው። ለእያንዳንዱ ስም አቤት እስኪል ያህል እቆይና ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በሩ ተከፈተና አንዲት አሮጊት ገቡ። «አንቺ የወንበዴ እናት፣ ግቢ!» የሚለው የካኪ ለባሹ ድምፅ ከውጭ ይሰማል። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ነው። ከእብናት ወዲያ ካለ አገር በሚሊሻ ታጅበው በእግራቸው ነው የመጡት፤ በመንገድ አድረዋል። በሩ ሲዘጋ ጨለማውን እስኪለምዱት ቆሙና አዩኝ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ» አሉኝ፤ ቤቴ በእንግድነት የመጡ ይመስል።

ስንት ጊዜ እንደሆነኝ አላውቅም፣ እንደምን ዋልሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። ተነስቼ ጎንበስ አልኩላቸው። አጠገቤ መጥተው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ሌላ ሰው የለም?»

«የለም እማማ። ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲህ ሁለት ሆን» አሉና ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ።

ታሪካቸውን ያወሩኝ በአንድ ጊዜ አይደለም። ፈትል እንደሚፈትል ሰው ትንሽ ይላሉ፣ ያቆማሉ፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። ባላቸው በድርቁ ጊዜ ሞተዋል። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታላቁን እብናት ገበያ ፍየል ሊሸጥ በሄደበት አፍሰው ወሰዱት፤ ፍየሏ ገመዷን እየጎተተች ብቻዋን ተመልሳ መጣች። ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ሄደ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጁን አላየውም። በዓመቱ ታናሹን ሊወስዱት ሲመጡ ሸሽቶ ገደል ውስጥ ይተኛ ጀመር። ማታ ማታ እናቱ ቂጣ ይወስዱለት ነበር። ክረምቱ ሲበረታ እዚያ ማደር አልሆነለትም። ከወዲያ በኩል የታጠቁ ሰዎች መጡ፤ አብሯቸው ሄደ።

«ወታደር አልሆንም ብሎ ሸሽቶ ወታደር ሆነ» አሉኝ።

ከጊዜ በኋላ ያ ታናሹ አንድ ማታ ቤት መጥቶ በልቶ ሄደ። ሰው አይቶ ተናገረ። የታሰሩት በዚያ ነው።

«እራቱን ምን አበሉት?» አልኳቸው። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«የሽምብራ ሽሮ። ደረቅ ነበር፤ ቅቤ አልነበረኝም።» ያ ደረቅ ሽሮ ከእስሩ ይልቅ የሚቆጫቸው ይመስል ነበር።

አንድ ቀን እሳቸውም ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። «አንች የተማርሽ ነሽ። ይህ ነገር እንዴት ጀመረ?» ግድግዳውን ተደግፌ ለተማሪዎቼ ያልኩትን ነገርኳቸው፤ ክፍል ውስጥ ካልኩት አስረዝሜ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። መሬት የተሰጠ ጊዜ የነበረውን ሳነሳ ፈገግ አሉ።

«ዘፍነናል እኮ። መሬት የሰጡንን የዓይኔ አባት ብለናቸዋል። ባሌ ድንበሩን ሲያስረግጥ አልቅሷል፤ ደስ ብሎት። ከዚያ ስብሰባ መጣ፤ በማርያምም በሚካኤልም ስብሰባ ነው። ኮታው መጣ። ቤታችንን ከጉብታው አፍርሰን ሜዳ ላይ እንድንሠራ አዘዙን፤ ውኃ የለው፣ እንጨት የለው። ከዚያ ልጆቹን።» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «እኔ እንግዲህ የማውቀው ይህን ነው። አንች ያልሽኝ ከላይ ከላይ ያለው ነው፤ የእኔ ከታች። ሁለቱ ሲገጥም እንዲህ ሆነ ማለት ነው።»

«አዎ እማማ፤ እንደሱ ነው።»

ሊፈርዱብኝም፣ ሊያመሰግኑኝም አልነበረም ያሉት። ጉዳዩን ከጨረስን በኋላ ስለ ገብሳቸው አወሩኝ። ሳይታጨድ ቆሞ ነው የመጡት። ምራታቸው ጡት የሚጠባ ልጅ አላት፤ ብቻዋን አትችለውም፤ ወፍና ውርጭ ይጨርሰዋል። ሁልጊዜ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ መጀመሪያ የሚሉት፣ «ዛሬ ወርጮ ይሆን?» ነበር።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ቀን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ጧት ነው፤ ወንዶቹ ጸሎታቸውን ጨርሰዋል። ፖሊሱ በሩን ከፈተና ወንበር ይዞ ገባ። ከዚያ ካኪ ለባሹ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

«እናታችን፣ እንደምን አደሩ? ይቀመጡ» አለ።

አንቱ አላቸው። ሁለታችንም ተያየን።

«መሬቱ ይሻለኛል» አሉ።

እሱም ሳይቀመጥ ቀረ። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ልጅዎ በሰሜን ግንባር በግዳጅ ላይ ሳለ ለአብዮታዊት እናት አገሩ ተሰውቷል» አለ።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ሆነ ነው የሚለው?»

ካኪ ለባሹ ወለሉን አየ። ፖሊሱ ወደ በሩ አየ። ሊነግራቸው የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ሞቷል ነው የሚሉት እማማ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩት። ከዚያ፣ «የትኛው?» አሉ።

ካኪ ለባሹ ያልጠበቀው ነበር። «ወታደሩ ነዋ! ጀግናው!» አለ።

«የት ተቀበረ?»

«ሰሜን ግንባር።»

«ሰሜን የት ቦታ?»

አላወቀም። ባርኔጣውን በእጁ አዞረው።

«አፈር ያለበሰው ሰው አለ?»

«ጓዶቹ አሉ እናታችን። ጓዶቹ አልተለዩትም።»

እሱም እንደማያውቅ ሁላችንም አወቅን። እማማ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እሱ ግን ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። ከቀትር በኋላ በገበያው ሜዳ ስብሰባ አለ፤ አዲስ ዘማቾች ይሸኛሉ። የጀግና እናት መድረክ ላይ ወጥተው ሁለት ቃል ይናገራሉ። ከዚያ ሚሊሻ እስከ ቤታቸው ይሸኛቸዋል፤ አጨዳውንም ገበሬ ማኅበሩ ያግዛቸዋል። የሚሉትን በዝግታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ ነገራቸው፦ አንዱ ልጄ ለአገሩ ሞቷል፣ ኮርቼበታለሁ። ወንበዴው ልጄ አይደለም። እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ስጡ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ መምህር አይደለሽ? አስጠኚያቸው። አንቺም ይታሰብልሻል።»

ሲወጡ ወንበሩን ትተውት ሄዱ።

እማማ ጮክ ብለው አላለቀሱም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አፍነው ከወገባቸው ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ የሚሰማው ትንፋሻቸው ብቻ ነው። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በአገራችን ሐዘን የደረሰበት ሰው ቤቱ ይሞላል። ጎረቤት ይሮጣል፣ ድንኳን ይጣላል፣ የማያውቁህ እንኳ መጥተው አብረውህ ይቀመጣሉ። እዚህ እኔና አንድ ባዶ ወንበር ነበርን።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል እንባቸውን ጠረጉና፣ «በይ አስጠኚኝ» አሉኝ።

የመጀመሪያውን ነገርኳቸው። «አንዱ ልጄ ለአገሩ ሞቷል» አሉ። ደህና አድርገው ያዙት። ሁለተኛውን ነገርኳቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አልወጣም።

«ድገሚልኝ።»

«ወንበዴው ልጄ አይደለም።»

«ይህን አፌ አይለውም ልጄ።»

እንዲሉት ፈልጌ ነበር። ገብሱን አሰብኩ፣ ሕፃኑን አሰብኩ፣ እኒህ ሴትዮ በዚህ ሲሚንቶ ላይ ብርዱን እንደማይወጡት አሰብኩ። «በአፍ ብቻ ነው እማማ» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ልብዎን ያውቃል። ይበሉትና ወደ ቤትዎ ይግቡ።»

«እግዚአብሔርስ ያውቃል። እሱን አልፈራሁም።» እጄን ያዙኝ። እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነበር። «ልጁ ይሰማል። ያን ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ሲባል ወሬው ይደርሰዋል። ወንድሙ ሞቷል፤ አባት የለው። በማላውቀው ጫካ ተቀምጦ ‹እናትህ ካደችህ› ሲሉት ይታይሽ እስቲ። ምን ይሆናል?»

የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከልኩላቸው።

«ያኔ እኮ እውነትም ማንም የሌለው ሰው ይሆናል» አሉ።

ሊወስዷቸው ሲመጡ ተነሱና በውኃ መያዣዬ ውስጥ በቀረችው ውኃ ፊታቸውን ታጠቡ። ጸጉራቸውን በጣቶቼ ሰበሰብኩላቸው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው፣ አስተካክለው ለበሱ። ፖሊሱ ይህን አይቶ አንገቱን ደፋ፤ «እንሂድ» ለማለት ጊዜ ወሰደበት። ካኪ ለባሹ እኔም እንድሄድ አዘዘ። ቃሉ ከጠፋቸው አጠገባቸው ሆኜ እንዳስታውሳቸው ነው።

ሜዳው ሙሉ ነበር። ትምህርት ቤቱም ወጥቷል፤ ተማሪዎቼ በሰልፍ ቆመዋል። በመካከላቸው አለፍኩ። እንደምን ዋልሽ ለማለት ያሰበም ቢኖር አልቻለም፤ አስተማሪዎች መሬት መሬቱን ያያሉ። ያ ሁሉ የማውቀው ሰው ባለበት ያን ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ ማዳበሪያ ቤቱ ውስጥ እንኳ። በሜዳው ጫፍ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ዘማቾቹ ጸጉራቸውን ተላጭተው ተቀምጠዋል። እናቶቻቸው ከወታደሮቹ ወዲያ ቆመዋል።

መፈክር ተባለ፤ ረዘም ያለ ንግግር ተደረገ። ከዚያ እማማን ወደ መድረኩ አወጧቸውና ድምፅ ማጉያውን አፋቸው ላይ ደቀኑባቸው። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ትንፋሻቸው ብቻ በሜዳው ላይ ተሰማ።

«እኔ ሁለት ልጅ ነው የወለድኩት» አሉ።

ካኪ ለባሹ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጉና አየሁ።

«አንዱ ዛሬ ሞቷል ብለውኛል። መቃብሩን የሚያውቅ የለም። ሌላው ይኑር አይኑር አላውቅም። ሁለቱም ልጆቼ ናቸው። ልቅሶ ላይ ነኝ፤ ሌላ የምለው የለኝም።»

ከድምፅ ማጉያው ዘወር ብለው ከመድረኩ ወረዱና መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሙሾውን ጀመሩ፤ ያለ ማጉያ፣ ባረጀ ድምፅ፦

«እናትህ ሳትደርስ፣ ዘመድ ሳይሰማህ፣
ማን አፈር አለበሰህ፣ ማን ዓይንህን ከደነህ።»

ካኪ ለባሹ ማጉያውን ይዞ መፈክር ጮኸ። ከፊት ያሉት ተቀበሉት፤ ከኋላ ያሉት አልተቀበሉትም። ከእናቶቹ መካከል አንዲት ጠይም ሴት በወታደሮቹ መካከል ሰንጥቃ መጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሌላ ተከተለቻት። ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙ አልነበሩም። ነጠላቸውን እየዘቀዘቁ ተቀመጡ። አንድ ወታደር ሊያስነሳቸው መጣና ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ቀና አለ። ልቅሶ ላይ ያለችን ሴት እንዴት አድርጎ እንደሚያስነሳት አላወቀም። እንዲህ ሆነው ቆዩ። እነሱ እንደተቀመጡ ስብሰባው ቀጠለ፤ ዘማቾቹን መኪና ላይ ጫኗቸው፤ መኪኖቹ ሄዱ። ከዚያ እኛን መለሱን።

ካኪ ለባሹ ጧት የተወውን ወንበር አነሳ። «አንቺ አሮጊት፣ እድልሽን ጣልሽው» አለ። አንቱታው ቀርቷል።

«ደህና ዋል» አሉት።

በሩ ተዘጋ። ቀኑ ገና አልመሸም፤ በክፍተቷ የሚገባው ብርሃን ቢጫ ሆኗል። እማማ በአንድ ጥግ፣ እኔ በሌላው ተቀመጥን። ወንዶቹ ወሬውን ከፖሊሱ ሰምተው ኖሮ ክፍላቸው ፀጥ ብሏል። ያን ያህል ፀጥ ብለው አያውቁም። ቆይቶ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

«እማማ፣ እግዜር ያጥናዎት» አለ አንድ ድምፅ። ጧት ውዳሴ ማርያም የሚደግመው ነው።

እማማ ቀና አሉ።

ሌላ መጣ። «እግዜር ያጥናዎት እማማ።» ደግሞ ሌላ፤ ወጣት ድምፅ። ደግሞ ሳል ያለበት ሰው። «አላህ ሰብሩን ይስጥዎት» ያለም ነበር። ተሰልፈው በየተራ ግድግዳው ሥር እየመጡ ነው። ልቅሶ ቤት እንደሚደረገው አንዱ ብሎ ይነሳል፣ ሌላው ይተካል። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀመጡና ለእያንዳንዱ፣ «እግዜር ያክብርልኝ ልጄ፣ ክፉ አይንካህ» እያሉ መለሱ። አንዱንም አላለፉም። እኔ የቤት ሰው ሆንኩ፤ ተነስቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ወደ ጎንደር በሚሄድ መኪና ወሰዷቸው። ለመሰነባበት ጊዜ አልሰጡንም። ጋቢዬን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩላቸው፤ ጉንጬን ሁለቴ ሳሙኝና፣ «በርች» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ከመጀመሪያው የበለጠ ሰፋ። የተማሪዎቼን ስም መጥራት ተውኩ። ዝም ብዬ የወንዶቹን ሳል አዳምጥ ነበር።

የመድፉ ድምፅ እየቀረበ መጣ። አንድ ጧት ጦሩ ከተማውን ለቆ ሲወጣ፣ ያ ፖሊስ በሩን ከፈተና «ሂጂ መምህርት፤ ወደ ዋናው መንገድ ግን አትውጪ» ብሎኝ ሮጠ። ከዚያም ወዲህ ከተማው ከአንዱ ወደ ሌላው እጅ ሲገባ ሲወጣ ቆየ። በሁለቱም በኩል የሞቱት ጉና ላይ ገብስ በማይዘራበት ቦታ ሁሉ ተቀብረዋል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበረው በጋ እብናት ሄድኩ። ጠይቄ ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁት። ጉብታው ላይ መልሰው ሠርተውታል። እማማ ከጎንደር እስር ቤት ወጥተው መጥተዋል፤ ከስተዋል፣ አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። በድምፄ ነው ያወቁኝ። ታናሹ ልጃቸው በሕይወት ነበር። ሲያጭድ ቆይቶ መጣ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝና ምሳውን ወደ ውጭ ይዞ ወጣ።

«ሰሜን ነበር» አሉኝ እማማ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወንድሙ በሞተበት ጊዜ እሱም እዚያው ነበር፤ በወዲያኛው በኩል። ጓደኞቹ ሲያወሩ ሰማሁ።»

«ራሱስ ምን አለዎት?»

«ምንም። እኔም የት ነበርክ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። አልጠይቀውምም።»

ስሄድ ለእኔ ብለው የሰፈሩትን ገብስ በስልቻ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ ሸኘኝ። በገብሱ መካከል ወደ ወንዙ ወረድን። ወንዙን ስንሻገር፣ «ያን ቀን አንች ነበርሽ አሉ» አለኝ።

«ነበርኩ።»

«ምን አለች?»

ያሉትን ነገርኩት፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ስልቻውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ፊቱን ወደ አጨዳው አዞረ። ከዚያ ስልቻውን አንስቶ ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ወንድሜ ከእኔ ይረዝም ነበር» አለ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እማማ ካረፉ ቆይተዋል፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ልጃቸው ለጉዳይ ደብረ ታቦር ሲመጣ ቤቴ ጎራ ይላል። እሱም ሸብቷል። ሻይ አፈላለታለሁ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ በሬዎቹ፣ ስላደገው የወንድሙ ልጅ እናወራለን። ስለ ሰሜን አንስቶ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ሲሄድ እስከ አጥሩ በር እሸኘዋለሁ። ተመልሼ ስገባ የጠጣበትን ብርጭቆ ወዲያው አላጥበውም። ጠረጴዛው ላይ ከእኔ ብርጭቆ አጠገብ እስኪመሽ ድረስ እተወዋለሁ።